ቆርኪው ያላረፈበት መስመር

ጋሼ ዘውዱ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ሞላሌ፣ ከቢሮአችን በረንዳ ላይ የመወልወያውን ጨርቅ እየጨመቅኩ ነበር። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው፤ ከዓለም ከተማ። አላለቀሱም። «በለጡ፣ ጋሼሽ ዐረፉ። ትናንት ቀበርናቸው። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው» አሉኝ። ድምፃቸው አጠገቤ ቆመው የሚያወሩ ያህል ጥርት ብሎ ነበር፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተቆረጠችም። ስልኩ እንደተዘጋ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይኸው ነው። ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ ስንት ተራራና ስንት ገደል አለ፤ እሳቸው ቢሰሙ ኖሮ «መስመሩ ዛሬ ደህና ነው» ይሉ ነበር። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሼ ዘውዱ ቴክኒሻን ነበሩ። ድርጅታችን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከፍታዎች ላይ የቆሙትን የስልክ ማማዎች ይጠግናል፤ እሳቸው ያልደረሱበት ማማ አልነበረም። እኔ የቢሮው የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ሻይም አፈላለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ስብሰባ ወዳለበት ክፍል ሻይ ይዤ ስገባ ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ሲንቀጫቀጩ ይሰማል።

አጭር ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንገታቸው ላይ ግራጫ ሻርፕ ይጠመጥማሉ፤ መነጽራቸውን የሚጠርጉትም በእሱ ጫፍ ነው። እርሳሳቸውን የሚቀርጹት በሴንጢ ነበር። ሲቀርጹ ካየሁ አንድ ነገር እያሰቡ መሆኑን ስለማውቅ ሻያቸውን አስቀምጬ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። መንገድ የሚጠይቃቸውን ሰው «ከጉብታው ወዲያ ነው» ብለው አይሸኙትም። ስንተኛው ጉብታ፣ በየትኛው ጎኑ፣ ቢሳሳት መሳሳቱን በምን እንደሚያውቅ ጭምር ይነግሩታል። ሾፌራችን በዚህ ሲስቅባቸው «ተራራውን ላላየ ሰው እኮ ነው የምነግረው» ይሉታል። ይቺን ነገር በሆነ ባልሆነው ይሏት ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ካለው ዋና ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ከእንግዲህ የኔትወርኩን ጤንነት የሚከታተለው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኤጀንት ነው ተባለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው። ማማዎቹን ሳያርፍ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲታመም ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ከቻለ ራሱ ያስተካክላል። ለዚህም መሣሪያዎች ተሰጥተውታል። እኔ መሣሪያ ሲባል መፍቻና ፒንሳ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ዘውዱ ሳቁና አስረዱኝ። እጅ ስለሌለው መሣሪያዎቹም የሚጨበጡ አይደሉም፤ አንዱ የባትሪውን ጉልበት ያሳየዋል፣ አንዱ ጣቢያው ሲጠራ መመለሱን ይፈትሽለታል፣ አንዱ ኃይል ያጠፋለታል። የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቀው ግን ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጋር ከተጻፈለት መግለጫ ነው። ማማዎቹን እንደ ጋሼ ዘውዱ የሚያውቃቸው ስላልነበረ መግለጫዎቹን እንዲጽፉ ታዘዙ።

እሳቸው ኤጀንት አይሉትም፤ «እንግዳው» ነው የሚሉት። እንግዳው ብልህ ነው፣ በንባብ እኔንም አንቺንም ያስከነዳናል፣ ግን ውርጭ ቆዳው ላይ አርፎበት አያውቅም ይሉኛል።

«የነገርነውን ያደርጋል» አሉኝ አንድ ቀን። «ያልነገርነውን ደግሞ ከራሱ ይሞላል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ጡረታቸው አንድ ዓመት አልቀረውም ነበር። መግለጫዎቹን በሙሉ ጨርሰው፣ በእሳቸው ጽሑፍ ጉድለት አንድም ማማ ሳይጠፋ መሄድ ነበር የሚፈልጉት። ሌላ ምኞት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ከፍታ ላይ ያለ ማማ ሲጠፋ ማዶ ያለው ሰው ሐኪም መጥራት አይችልም፤ ልጁ መድረሱን አይሰማም። ይህን ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት ክፍላቸውን ሳጸዳ የመጀመሪያውን መግለጫ አነበቡልኝና ገባሽ ወይ አሉኝ። ገብቶኛል አልኩ። እስቲ በራስሽ አፍ ንገሪኝ ሲሉኝ ዝም አልኩ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ለሁሉም ነገር ገብቶኛል እንደምል ሲያውቁ አልተቆጡም። በሦስተኛው ቀን ከኮታቸው ኪስ አንዲት የለስላሳ ቆርኪ አውጥተው ደብተራቸው ላይ አኖሯት።

«አፍሽን አናስቸግረው» አሉኝ። «ስታጸጂ አንብቢው። ያልገባሽ መስመር ላይ ይቺን አስቀምጪና ሂጂ። እኔ ስመጣ አያታለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማንም ሳይገባ አንድ ገጽ አነባለሁ፤ ያልገባኝ ቦታ ላይ ቆርኪዋን አስቀምጬ መጥረጊያዬን ይዤ እወጣለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ያስቀመጥኳት «የመስመሩን ሁኔታ ይመልሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ጋሼ ዘውዱ መጥተው አዩት፤ ቆመው ደጋግመው አነበቡት። ሁኔታ ምን ማለት እንደሆነ እኔም አላውቀውም አሉና ሰረዙት። በምትኩ የጻፉትን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ «ጣቢያው ሲጠራ መልስ መስጠቱን ብቻ ይናገራል። መልስ ከሌለ ጣቢያው ተበላሽቷል ብለህ አትደምድም፤ መሐል ያለ ሌላ ጣቢያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለ ድምፅ ጥራት አይናገርም፤ ለዚያ ሌላው መሣሪያ አለ።» መሣሪያው መቼ እንደማይነሳ ያልጻፈ ሰው ግማሹን ነው የጻፈው ይሉ ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ የባትሪውን ጉልበት የሚያሳየው መሣሪያ ላይ ቆርኪዋን ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ምንም ካልተጻፈበት ቦታ ላይ አስቀመጥኳት። ጠርተው ይህ ምን ማለት ነው አሉኝ። ወለሉን እያየሁ፣ ምንም ባይመልስስ ብዬ ጠየቅኩ። ባትሪው አልቆ ነው ወይስ ያየው ስለሌለ ነው? ጋሼ ዘውዱ መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ዕለት እዚያው ቆሜ እያለሁ ለእትዬ አስካለ ደውለው፣ ቢሮ የምታጸዳው ልጅ ዛሬ ከትልቅ ስህተት አዳነችኝ ብለው አወሩላቸው። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ ደስታዬ ግን ለብዙ ቀን አልለቀቀኝም። ሾፌሩ ወሬው ደርሶት ባየኝ ቁጥር «ኢንጂነር ቆርኪ፣ ዛሬስ ምን አልገባሽም?» ይለኝ ጀመር።

የዚያን ዓመት ለመስቀል እናቴ ዘንድ ዘመሮ ሄጄ ነበር። እናቴ የበግ ፀጉር ትፈትላለች፤ ፈትሉ ለሸማኔ ይሰጥና ባና፣ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ ይሆናል። በዓሉን ስንውል አያ ጥላዬ መጡ። ከዘመሮ ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ማማ ዘበኛ ናቸው። ለአንድ ባና የሚበቃ ፈትል ፈለጉ። እናቴ በዚህ ዕድሜዎ ደግሞ ማንን ሊያቅፉበት ነው ብላ ቀለደችባቸው።

«ለባትሪው ነው እንጂ» አሉ አያ ጥላዬ። «ውርጭ ሲመታው ይደክማል፣ ያሳዝናል። ሲመሽ አለብሰዋለሁ፣ ሲነጋ እገፍፈዋለሁ።»

እናቴና እኔ እስክንደክም ሳቅን። አያ ጥላዬ አልሳቁም፤ ፈትሉን ሲለካ ቆመው አይተው ወሰዱ። ጋሼ ዘውዱ ወደዚያ ማማ የሚወጡት ሁልጊዜ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ስለሆነ ባናውን አይተውት አያውቁም።

ኅዳር ላይ ሁለት ኢንጂነሮች የተጻፉትን መግለጫዎች ሊረከቡ ከአዲስ አበባ መጡ። የቀረው የመጨረሻው፣ ኃይል የሚያጠፋው መሣሪያ መግለጫ ብቻ ነበር። ሻይ ይዤ ስገባ ጋሼ ዘውዱ ትሪውን ከእጄ ተቀበሉና ደብተሩን ወደ እኔ አዞሩት። ቆሜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ «የጣቢያውን ኃይል ያጠፋል። የባትሪው ሳጥን ሙቀት ከተፈቀደው ልክ አልፎ ማራገቢያው ሊያወርደው ካልቻለ ብቻ ተጠቀምበት፤ እሳት ሊነሳ ይችላልና። አንዴ ከጠፋ ከሩቅ አይበራም፤ ሰው ሄዶ ቁልፉን በእጁ መጫን አለበት።»

አንብቤ ሳልጨርስ ባናው ዓይኔ ላይ መጣ። ሲነጋ ሳይገፈፍ ቢቀርስ? ማራገቢያው በምን ይተነፍሳል?

ከኢንጂነሮቹ ረጅሙ ሰዓቱን አየ። «ጋሼ፣ ፈራሚዋ እሷ ናት እንዴ?» አለ። ጓደኛው ወደ ግድግዳው ዞሮ ሳቀ።

«እሷ ቆርኪ ካላስቀመጠች መግለጫው አልቋል ማለት ነው» አሉ ጋሼ ዘውዱ፤ ምንም ሳይቀልዱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በለጡ፣ ተረጋጊ። ቆርኪ አለሽ?»

ቆርኪዋ ከሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበረች፤ ጥርሶቿ መዳፌን እስኪወጉኝ ጨብጫታለሁ። ለባትሪ ባና ይለበስለታል ብዬ ብናገር እነዚህ ልጆች ምን ይላሉ? አያ ጥላዬስ ምን ይደርስባቸዋል? ለራሴ አንድ ማምለጫ አገኘሁ። ቆርኪ የተሰጠኝ ላልገባኝ ነገር ነው አልኩ፤ ይህ መግለጫ ደግሞ አንድም ቃል ሳይቀር ገብቶኛል። የማውቀውን ነገር በምን እንደማመለክት የነገረኝ የለም።

«የለኝም፣ ጋሼ» አልኩ።

ደብተሩ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር ጻፉና ዘጉት። ኢንጂነሮቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ለብቻቸው ሲሆኑ እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ሰው ነበረባቸው። በሳልስቱ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ከዚያ በኋላ፣ ያን ጊዜ ለምን ዝም አልሽ ቢሉኝ የምመልሰው ስላጣሁ ይበልጥ ዝም አልኩ። ዝምታ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ባደረ ቁጥር የምነግራቸው ነገር ሁለት እየሆነ ሄደ።

ታኅሣሥ ላይ፣ ሣሩ በውርጭ በነጣበት አንድ ጠዋት፣ አያ ጥላዬ ጎረቤት ሞቶባቸው ጎሕ ሳይቀድ ወደ ለቅሶው ሮጡ። ባናው ሳጥኑ ላይ ቀረ። ፀሐይዋ ወጣች፤ ሳጥኑ ታፈነ፤ ሙቀቱ ከልኩ አለፈ። እንግዳው የተጻፈለትን አደረገ። ማማው ጠፋ፤ ከገደሉ አፋፍ እስከ ቆላው ድረስ ያለው ስልክ ሁሉ ዝም አለ። የአያ ጥላዬም ስልክ የሚሠራው በዚያው ማማ ስለሆነ እሳቸውን ደውሎ ምን ተፈጠረ ብሎ መጠየቅ አልተቻለም።

ዜናው ሞላሌ ሲደርስ መኪናችን ግሼ ነበር። ጋሼ ዘውዱ ከጉንፋኑ ገና አላገገሙም፤ ደረታቸው ሲተነፍሱ ይከረክራል። ሰው ጠብቁ ቢባሉ እምቢ አሉ። በአውቶቡስ እስከ ዘመሮ ሄደው የቀረውን በእግር ሊወጡ ሻርፓቸውን ጠመጠሙ። እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

«እንግዳው ያለ ነገር አያጠፋም» አሉኝ። «ወይ እሳት ነው፣ ወይ የእኔ መግለጫ ነው። እሳት ከሆነ ሌላ ሰው አልልክም።»

እሳት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ባናው ነው ብዬ ሁለት ቃል ብናገር ዘመሮ ላለ ሰው ይደውሉ ነበር፤ የከተማው ስልክ ይሠራል። እናቴ እንኳ አንድ ጎረምሳ ለምና ታስወጣ ነበር፤ ባና ገፎ ቁልፍ ለመጫን ቴክኒሻን መሆን አያስፈልግም። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «በሰላም ይመለሱ» ነው።

ማማው ከሰዓት በኋላ በራ። እሳቸው በማግስቱ እያሳሉ ተመለሱ። በዚያ ቀን ከገደሉ ሥር አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች፤ አምቡላንስ መጥራት ስላልተቻለ በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ጋሼ ዘውዱ ቃሬዛውን መንገድ ላይ አግኝተውት ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር እያወሩም ወደ እሱ ይመለሱ ነበር።

ሻይ ሳስገባላቸው ወንበሩን ስበው ተቀመጪ አሉኝ። እዚያ ክፍል ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

«ባና አልብሶታል፣ በለጡ» አሉኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ አገር ተራራ ወጥቼ ወርጄ፣ ባትሪ ይበርደዋል ብሎ የሚያዝንለት ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።» እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ እርሳሳቸውንና ሴንጢያቸውን አወጡ፤ ግን አልቀረጹም። «ይህን ማን ያውቅ ኖሯል?»

«እንጃ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የኅዳሩ በፍርሃት ነው፤ የበሩ በድንጋጤ ነው። ያን ዕለት ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ወንበር ስበውልኝ፣ ፊታቸው ለስላሳ ሆኖ ነው የጠየቁኝ። ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸኋቸው።

ለዋናው ቢሮ «ጉድለቱ የእኔ መግለጫ ነው» ብለው ጻፉ። የአያ ጥላዬን ስም አላነሱም። ቀሪው ሥራ አዲስ አበባ ላሉት ልጆች ተላለፈ፤ እሳቸውም ጡረታቸውን ሳይጠብቁ የካቲት ላይ ወጡ። ሲሸኙ ሰው ሁሉ ንግግር አደረገ፤ እኔ ብርጭቆ ሰበሰብኩ። ሳሉ አብሯቸው ዓለም ከተማ ሄደ። በዚያ ውርጭ ምክንያት ሞቱ አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ደረታቸውን ከድሮም ያማቸው ነበር ይላሉ ዘመዶቻቸው። እኔ ግን ሳላቸውን መስመሩ ደህና ባልሆነ ጊዜ እንኳ ለይቼ እሰማው ነበር፤ አልፎ አልፎ ደውለው «ቆርኪዋ አለች?» ሲሉኝ።

ለሰልስታቸው ደረስኩ። አውቶቡሱ እስኪደርስ ሐሳቤን ሁሉ ስደረድር ነበር፤ ድንኳኑን ሳይ ግን እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሲቀንስ እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ጠሩኝና ደብተሩን ሰጡኝ። ይህን ካንቺ ሌላ የሚያነበው የለም አሉ።

በእያንዳንዱ መግለጫ ሥር በእርሳስ የቆርኪዋን ቦታ መዝግበዋል። «ቆርኪ፦ ሁለተኛው መስመር። ሁኔታ የሚለው አልገባትም። ልክ ናት።» «ቆርኪ፦ ባዶው ቦታ ላይ። ጎበዝ።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ኃይል ከሚያጠፋው መሣሪያ ሥር፣ ኅዳር ላይ ፊቴ የጻፉት ነበር፤ «ቆርኪ፦ የለም። አልቋል።» ከሱ በታች በእስክሪፕቶ የተጨመረ አለ፤ ፊደሉ ይንቀጠቀጣል። «ሳታጠፋ በፊት ለዘበኛው ደውለህ ሳጥኑን የሸፈነው ነገር እንዳለ ጠይቀው፤ ካጠፋህ በኋላ ልትጠይቀው አትችልም።» ይህን መስመር ለዋናው ቢሮ ልከውት እንደገባ እትዬ አስካለ ነገሩኝ። ከዚያም በታች አንድ መስመር ቀርቷል፤ ይህን እሳቸው ለማንም አልላኩትም።

«ስለ ባናው በለጡ ልታውቅ አትችልም ነበር። ብታውቅ ትነግረኝ ነበር።»

ቆርኪዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አወጣኋትና እዚያ መስመር ላይ አስቀመጥኳት።

እትዬ አስካለ የቆርኪዋን ነገር ከባላቸው ብዙ ጊዜ ሰምተዋል። ዝቅ ብለው ደብተሩን አዩ፤ እኔንም አዩ።

«ምኑ ነው ያልገባሽ፣ ልጄ?»

«ገብቶኛል፣ እትዬ» አልኳቸው። «ልክ አይደለም።»

አጠገቤ ተቀመጡ። ከእናቴ ፈትል ጀምሬ ነገርኳቸው።